ዘቢዳርን ዞረን ወደ እማማ ዘነበች ደጅ

ከቡታጅራ ተነስቶ እማማ ዘነበች ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ምሳውን እሳቸው ዘንድ ይበላል። እኛ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ተጉዘን በአራተኛው ጎህ ሲቀድ ነው የደረስነው። መንገዱ ጠፍቶን አይደለም። አጭሩ መንገድ በደጃቸው ያልፋል፤ እኛ የያዝነው ወሬ ደግሞ በዚያ መንገድ የሚሄድ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው መንዝ ላሉት ዘመዶቼ ነው። ከመንዝ ወዲያ ተራራ ያለ የማይመስላቸው አጎቶች አሉኝ። እኔም አስተማሪ ሆኜ ቡታጅራ እስክመጣ ድረስ እንደነሱ ነበርኩ። አጎቶቼ ጉራጌ አገር አይመጡም፤ ቢመጡም ዘቢዳርን አይወጡም። እንግዲህ እኔ ወጥቼላቸዋለሁ። ደስ ብሎኝ ግን አልወጣሁትም።

ደግፌ ጓደኛዬ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ አብረን ገብተን አብረን ወጣን፤ ቡታጅራም አብረን ደረሰን። ሦስት ዓመት በአንዲት የኪራይ ክፍል ኖረናል። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ እሱ ጂኦግራፊ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ እሱ ሳቂታ። አምና ወደ ወልቂጤ ተዛወረ። አንድ ቢጫ ካፖርት ነበረው፤ መርካቶ ሰልባጅ ተራ የገዛው፣ የመርከበኛ ይሁን የመንገድ ሠራተኛ እንጃለት፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ከሩቅ የሚጮህ ቢጫ። ተማሪዎቹ «መምህር አደይ» ይሉት ነበር። እኔም «ኧረ ባክህ ይህን ነገር አውልቀህ ጣል፣ ከብት ታስደነብራለህ» እለዋለሁ። «እናቴ ከሩቅ እንድታየኝ ነው» ይለኝ ነበር። ቀልዱን ይመስለኝ ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ አንድ የወልቂጤ አስተማሪ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ በአውቶቡስ መጣና በሬን አንኳኳ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ዕቃ ይዟል። በብርድ ልብሱ መሀል ቢጫው ብቅ ብሏል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ወባ ነው አለኝ። ሦስት ቀን ተኝቶ በአራተኛው ቀን አለፈ። የዋቤ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር በእግር ተሻግሮ ለቤተሰብ የሚነግር ሰው አልተገኘም፤ አስከሬኑንም ይዞ መሻገር የማይታሰብ ነው። እዚያው ወልቂጤ ቀበሩት። በእግር ቢሆን ከእናቱ ቤት ሁለት ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። ወሬው ግን አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ነበረበት።

ዕቃውን ተሸክሜ አቶ ሳህሌ ዘንድ ሄድኩ። አቶ ሳህሌ የደግፌ የሟች አባቱ ወንድም ናቸው፤ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ይነግዳሉ። ስነግራቸው በርበሬው ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«ጥሩ። ለማንም እንዳትናገር። ዛሬ አንድ ገበያተኛ ከሰማ ማታ ዘነበች ጆሮ ይገባል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እንሂድ። ግማሽ ቀን ነው» አልኩ።

«ሄደን ምን ልንላት? አንድ ዋርሳና አንድ እንግዳ ሆነን? ኧረ ተው ጌታነህ! አንድያ ልጇ ነው። ሁለት የእናትና የአባቷ ልጆች አሏት፤ እነሱ ሳይኖሩ ማን ይደግፋታል? ጎህ ሲቀድ፣ ገና ከብት ሳይወጣ፣ በወንድሞቿ መሀል ሆና ነው መስማት ያለባት።»

ታላቅ ወንድማቸው ከተራራው ማዶ፣ ታናሹ ከቤታቸው በላይ ከሸንተረሩ ጀርባ ነው የሚኖሩት። በአጭሩ መንገድ ከሄድን እማማ ዘነበች ያዩናል፤ ካዩን ይጠይቁናል፤ ከጠየቁን ደግሞ ፊታችን ይናገርብናል። ስለዚህ አቶ ሳህሌ ሐሳባቸውን በጣታቸው መሬት ላይ ሣሉልኝ። ከሥር በደቡብ በኩል እንዞራለን፣ ዘቢዳርን እንወጣለን፣ ጫፍ ጫፉን ሄደን ወንድሞቿን እንሰበስባለን፣ ከላይ በጓሮ በኩል እንወርዳለን። እኛም አገር መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው፤ ዘመድ ሳይሰበሰብም አይነገርም። ብቻ እኛ ዘንድ ዘመድ ሁሉ በአንድ ሸንተረር ላይ ነው የሚሰፍር፣ ለመሰብሰብ ሦስት ተራራ አያስወጣም።

«ዕቃውን ያዝ» አሉኝ። «ለቅሶው ላይ ይዘረጋል። ልጇን አልቀበረችም፤ ልብሱን እንኳ ትያዘው።»

ሐሙስ ጠዋት በጋሪ ወጣን። ጋሪው ከከተማው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ መስቃን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የመስቃንን ጭቃ ያላየ ሰው ጭቃ አየሁ አይበል። የመንዝ ጭቃ ድንጋይ አለበት፣ እግርህ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ይኼኛው ጫማህን ወስዶ አይመልስም። ባለጋሪው ፈረሱን ሲለምን፣ ሲሳደብ፣ ደግሞ ሲለምን ቆየና በመጨረሻ «በቃ፣ ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ ነው» አለን። ወደ እንሴኖ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች በጭቃው ላይ እንደ ደረቅ መሬት እየተራመዱ አለፉን። አንደኛዋ አቶ ሳህሌን አወቀቻቸው።

«በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ከብት ልናይ ነው» አሉ አቶ ሳህሌ፣ ፈገግ ብለው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወንዝ ደረስን። ስሙን ነግረውኝ ነበር፣ ረሳሁት። ስሙን የረሳሁት ምናልባት ጋቢዬን ስለወሰደው ይሆናል። ሱሪዬን አውልቄ፣ የደግፌን ዕቃ በትከሻዬ ይዤ፣ ጋቢዬን አጣጥፌ ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ገባሁ። መሀል ላይ አንድ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ዞር አለ። ወይ ጋቢውን ወይ ዕቃውን መያዝ ነበረብኝ፤ ዕቃውን ያዝኩ። እናቴ ከፈተለችው ጥጥ የተሠራ ጋቢ እየተገለባበጠ ወደ ቆላው ወረደ። አቶ ሳህሌ ወዲያ ማዶ ቆመው ሳቁብኝ። «የመንዝ ሰው ብርድ ያውቃል ይሉኝ ነበር፣ አሁን እናያለን» አሉ። ሳቃቸው መሀል ላይ ተቆረጠና ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ወሬውን ከሰሙ ጀምሮ ሲስቁም ሲያለቅሱም ያየሁት ያኔ ነው።

ያን ለት ያደርነው ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው ቤት ነው፤ አቶ ሳህሌ በርበሬ የሚገዙት ከሳቸው ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ስንል ገና ከውስጥ ሆነው በድምፅ ለዩዋቸው። ባለቤታቸው ጭቃ የተለጠፈበት እግሬን አይተው «ውይ፣ የሰው ልጅ!» ብለው ውሃ አሞቁልኝ። ቤቱ ክብ ነው፣ ከእኛ ቤት ሁለት እጥፍ ይሰፋል፤ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ምሰሶ ቆሟል፣ ከብቶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላው። የእኛ የመንዝ ቤት የድንጋይ ነው፣ ብርዱም ከድንጋዩ ይወጣል። እዚህ የላሞቹ ትንፋሽ ራሱ ያሞቃል።

«ሥጋ አላቀርብላችሁም፣ የእኛን እንደማትበሉ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ከድር። ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ። ራቤ አሳፈረኝ። ጓደኛዬ ሞቶ፣ ሬሳውን ሳላይ ተቀብሮ፣ እኔ ቆጮ ላይ እንደ ጅብ ወደቅኩበት። ሴትየዋ ደግሞ እየጨመሩ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ይላሉ።

ጋሽ ከድር ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ። አቶ ሳህሌ «ከብት ልናይ» አሉ። ጋሽ ከድር ሌላ አልጠየቁም። ጠዋት ግን እስከ ተራራው ሥር ድረስ ሸኙን። ለኔ ከወይራ የተቆረጠ ዱላ፣ ለትከሻዬ አንድ አሮጌ ቡልኮ ሰጡኝና የአቶ ሳህሌን እጅ ይዘው ቆሙ።

«በነሐሴ ጭቃ ከብት ሊያይ የሚወጣ ሰው የለም። የማን ቤት እንደሆነ አልጠይቅህም። አላህ ያጽናችሁ።»

አቶ ሳህሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ወጣን። መጀመሪያ እንሰት ነው፤ ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ዝናቡ እሱ ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ ያለህ ይመስልሃል። ከዚያ ገብስ ይመጣል። ገብስ ሳይ ሆዴ ባባ። ከገብሱ በላይ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ ደግሞ፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ጓሳ! እኛ ቤት የምንከድንበት፣ ገመድ የምንገምድበት የራሳችን ጓሳ ነው። አጎንብሼ ነካሁት። ደግፌ «እናቴ አገር ስወስድህ አገርህ የተመለስክ ይመስልሃል» ይለኝ ነበር፤ ለካ እውነቱን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ አልሄድኩለትም። አንዴ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነው አልኩ፣ አንዴ እግሬን አመመኝ አልኩ። እሱ ሞቶ ነው የሄድኩት።

ዘቢዳር ጫፍ ላይ ስንደርስ ጭጋግ ነበር። ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ በጭጋጉ ውስጥ ሰው ይመስላሉ፤ ሁለት ጊዜ «ደህና ዋላችሁ» ልል ነበር። ጥቂት አረፍ እንዳልን ጭጋጉ ድንገት ተቀደደ። በምሥራቅ በኩል ታች ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ የዝዋይ ሐይቅ ያበራል። አቶ ሳህሌ ግን ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ወደ ምዕራብ ነበር የሚያዩት።

«ያ ጥቁሩ የዋቤ ሸለቆ ነው» አሉ። «ከሱ ወዲያ፣ ጉሙ ካለበት፣ ወልቂጤ ነው።»

ይታያል። እዚህ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ልጁ የተቀበረበትን ሰማይ ማየት ይችላል። በሶዬን በጥብጬ ያዝኩና መጠጣት አቃተኝ። ደግፌ ከወልቂጤ ወደ እናቱ የሚመጣው በዚህ በኩል እንደነበር የነገሩኝም ያኔ ነው፤ በበጋ ወንዙ ሲጎድል ተሻግሮ፣ ከማዶ ወጥቶ፣ ጫፉን ይዞ፣ በእናቱ ቤት አናት ላይ ይወርዳል። ሰማሁ። ሰምቼ ግን ምንም አላሰብኩም። አቶ ሳህሌም አላሰቡም።

ወደ ማታ አቶ ወልዴ ቤት ደረስን። አቶ ወልዴ የእማማ ዘነበች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ገብስ እያረሙ አገኘናቸው። አቶ ሳህሌን ሲያዩ ቀና አሉ። ቀጥለው እኔን አዩ፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን ዕቃ አዩ።

«ማነው?» አሉ።

አቶ ሳህሌ ጆሯቸው ሥር ነገሯቸው። አቶ ወልዴ የነቀሉትን አረም ቀስ ብለው አስቀመጡና ወደ እንሰቱ ውስጥ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸውን ታጥበዋል። «ሚስቴ እንዳትሰማ» አሉን። «ከጮኸች ጩኸቱ ከሸንተረር ሸንተረር ይሄዳል። ከነገ ወዲያ፣ ለዘነበች ከተነገረ በኋላ፣ ጎረቤት ይነግራታል።»

እናም ገብተን እንደ እንግዳ ተቀመጥን። ዓርብ ነው፣ ቆጮና ጎመን በኑግ ዘይት ቀረበ። አቶ ወልዴ በጥርሳቸው ብቻ እየሳቁ ያጎርሱናል። ሚስታቸው ደግሞ ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው።

«የደግፌ ጓደኛ ነህ? እሱ ለመስቀል ይመጣል አይደል? ዘነበች ቅቤውን ካጠራቀመች ቆየች እኮ። ማንንም አታስነካም፣ ለኔ እንኳ ለፀጉሬ ብላት ከለከለችኝ!»

እነ አጎቴ ሆይ፣ እናንተ ለፋሲካ በግ እንደምትጠብቁ እነዚህ ሰዎች ለመስቀል ሰው ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ያለ፣ ጅማ ያለ፣ የትም ያለ ልጅ ለመስቀል ይገባል። ያልመጣ እንደሆነ እናቲቱ ዓመቱን ሙሉ ትወቀሳለች። እኔ ጉርሻውን ዋጥ አድርጌ «ይመጣል» አልኩ። ምን ልበል? ዋሸሁ።

ቅዳሜ ሁለት ጫፍ አለፍን። ስማቸውን አቶ ወልዴ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ያስታወስኩት አንደኛው ላይ በረዶ እንደመታን፣ ሁለተኛው ላይ እንደተቀመጥን ነው። በረዶው ሲወርድ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠጋን፤ የጋሽ ከድር ቡልኮ ሦስታችንን አይበቃም፣ ግን ሦስታችንም ከሥሩ ነበርን። ቡልኮው እዚያ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ።

አቶ ወልዴ መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ጫፍ ላይ ስንቀመጥ ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው?»

«ምኑ?»

«ነገ። 'ዘነበች እህቴ' ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ በላይ አይመጣልኝም። አባታችን ሲሞት የነገርኳት እኔ ነኝ። ባሏም ሲሞት እኔ ነኝ። ደጋግሜ ሳስበው እኔን ስታይ መደንገጥ የለመደች ይመስለኛል። በቀስታ ልንገራት እፈልጋለሁ፣ ይችን ብቻ በቀስታ።»

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ምን አውቃለሁ? «እግዜር ያውቃል አባባ» አልኩ።

ትንሹ ወንድም፣ አቶ ተካ፣ ከእማማ ዘነበች ቤት በላይ፣ ከሸንተረሩ ወዲህ ነው የሚኖሩት፤ ቤታቸው ከእህታቸው ቤት ጋር አይተያይም እንጂ ቅርብ ነው። ሲነገራቸው እንደ በሬ አገሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢ አፋቸው ላይ አፍነው ያዟቸው። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲታፈን አይቼ አላውቅም። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርን አልጽፈውም።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሳን። መሬቱ ላይ የትናንቱ በረዶ አልቀለጠም። ቡልኮው እንደረጠበ ነው፤ አቶ ተካ ዘንድም ትርፍ ጋቢ አልተገኘም፤ ሸሚዜ ብቻ ቀርቶኛል። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። አቶ ሳህሌ አዩኝና የዕቃውን ገመድ ፈቱ።

«ልበሰው» አሉኝ።

«የሱን?»

«ሁለተኛ ሬሳ ልንሸከም አልመጣንም። በዚህ ጭጋግ ማን ያይሃል? ስንደርስ ታወልቀዋለህ።»

ለበስኩት። ጠመኔና ሳሙና ይሸታል። ኪሱ ውስጥ አንዲት ስባሪ ጠመኔ ነበረች። ሞቀኝ፤ እንደሞቀኝም አልክድም።

ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ከመድረሳችን በፊት ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለማዘቅዘቅ ቆሙ፤ የኀዘን አለባበስ ነው፣ እኛም አገር እንዲሁ ነው። አቶ ተካ «አንተ እፊት ያለው ጥድ ጋ ጠብቀን» አሉኝ። ሄድኩ። ጥዱ ሥር ቆምኩ። ከኔ ወደ ታች ጭጋግ ብቻ ነው። የላም ድምፅ ይሰማል። ካፖርቱን ላውልቀው ብዬ ቁልፉን ስነካ ጭጋጉ፣ ዘቢዳር ላይ እንዳደረገው፣ በአንዴ ተገለጠ።

ታች አንድ ቤት፣ አንድ በረት፣ በበረቱ በር ላይ አንዲት ሴት ወተት ይዛ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«እልልልል!»

መጀመሪያ አልገባኝም። እልልታ እኮ ነው! ለማን ነው እልልታው? «ደግፌ! ልጄ መጣልኝ! ጎረቤት ስሙልኝ፣ ልጄ ሳይነግረኝ መጣልኝ!» የወተቱን ዕቃ መሬት ላይ ጣሉት። ከየቤቱ ሴቶች ወጡ፣ እልልታው ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ ወደ ታች ወረደ።

«ኧረ ይተዉ፣ ይቆዩ» ለማለት እጄን አነሳሁ። ደግፌም እዚያ ጥድ ሥር ሲደርስ እጁን ያነሳ ነበር ለካ። እማማ ዘነበች እጄን ሲያዩ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱና ዳገቱን ወደኔ ሮጡ። ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ እንደ ልጃገረድ ሮጡ።

መሸሽ ነበረብኝ። ማውለቅ ነበረብኝ። ስሜን ጠርቼ መጮህ ነበረብኝ። ምንም አላደረግኩም፤ ድንጋይ ሆኜ ቆምኩ። አጠገቤ ሲደርሱ ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ እጃቸው የካፖርቱን ክንድ ያዘ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

«አንተ ማነህ?» አሉኝ።

ዓይናቸው ከኔ አልፎ ወደ ላይ ሄደ።

«ደግፌስ? ከኋላ ነው?»

ከኋላዬ አቶ ወልዴ ብቅ አሉ። ቀጥለው አቶ ተካ፣ ቀጥለው አቶ ሳህሌ። እማማ ዘነበች የተዘቀዘቀውን ጋቢ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አዩ። አቶ ወልዴ «ዘነበች እህቴ» አሉ። ያን ሁሉ መንገድ ያሰቡት ቃል ያ ብቻ ነበር፣ ከዚያ በላይም አላስፈለገም። ሴትዮዋ የካፖርቱን ክንድ ሳይለቁ እግሬ ሥር ተቀመጡ። ታች መንደሩ ገና እልል ይል ነበር። ወደ ጩኸት የተለወጠው ቆይቶ ነው።

እሑድና ሰኞ ለቅሶ ነበር። ካፖርቱ ሜዳው ላይ ሰሌን ተነጥፎ ተዘረጋ፣ ጫማውና የጂኦግራፊ መጽሐፉ አጠገቡ ተቀመጡ። አልቃሾቹ በጉራጌኛ ያሉትን አልሰማሁትም፤ «ቢጫ» የሚመስል ነገር በሰማሁ ቁጥር ግን ልቤ ስንጥቅ ይላል። የሚወቅሰኝ ሰው አጣሁ። መንዝ ቢሆን አንዱ በዱላ ይለኝ ነበር፣ እኔም በተሻለኝ። አቶ ሳህሌ ለሰው ሁሉ «እኔ ነኝ ያለበስኩት» ይላሉ። ሰዎቹ ደግሞ «የሱ ቀን ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም» እያሉ ምግብ ያቀርቡልኛል። አንድ ሽማግሌ፣ ማላገጥ የማያውቁ፣ ቁም ነገረኛ ሰው «ብርዱ ነው ያጠፋው» አሉኝና ጋቢያቸውን አልብሰውኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ልሰናበት ገባሁ። አቶ ሳህሌ ለቅሶው ላይ ይቆያሉ፤ እኔ ትምህርት ቤት ምዝገባ አለብኝ። እማማ ዘነበች ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል፣ ካፖርቱ ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፏል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አልኳቸው። «ሳላውቅ ነው። ሁለተኛ በዚያ በላይ በኩል አልመጣም። ስመጣም በአጭሩ መንገድ፣ ገና ሳልታይዎት ስሜን እየጠራሁ ነው የምመጣው።»

ፀጉሬን ዳበሱኝ።

«ዕቃህ ይህ ብቻ ነው?» አሉኝ፤ ጋቢውን አይተው። «መንገድ ላይ ምን ትበላለህ?»

«ግማሽ ቀን ነው እማማ።»

«እውነትህን ነው፣ ግማሽ ቀን ነው።» ካፖርቱን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ውሰደው።»

«ኧረ አይሆንም! የልጅዎ ነው።»

«እዚህ ምን ያደርግልኛል፣ አይጥ ይበላዋል። ስማኝ ልጄ። ለመስቀል ና። በአጭሩ አትምጣብኝ። በላይ ዞረህ ና፣ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥዱ ጋ ስትደርስ ልበሰው። ስምህንም አትጥራ።»

«እማማ...»

«ማን እንደሆንክማ አውቃለሁ። ጌታነህ ነህ፣ ሒሳብ አስተማሪው። ይነግረኝ ነበር፣ ቁጡ ነው ብሎኛል። ግን ከጥዱ እስከ በሬ ድረስ ዝም ብለህ ውረድልኝ። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ አንተ አታውቅም። እስክትደርስ ድረስ ልየው።»

በአጭሩ መንገድ ወረድኩ። እውነትም ግማሽ ቀን ነው፤ ቡታጅራ ስገባ ምሳ አልደረሰም። የጋሽ ከድርን ቡልኮ አጥቤ በባለጋሪው ላክሁላቸው። ወንዙ የወሰደውን ጋቢዬን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ፣ ሌላ ትፈትል ይሆናል ብዬ እየፈራሁ ነው።

አሁን ጳጉሜን ነው። ካፖርቱን በሳሙና አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ጭቃው ለቋል፣ የጠመኔው ሽታ ግን ትንሽ ቀርቷል። ለመስቀል ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ለመንገድ የሚሆነኝን በሶ ትናንት አስፈጭቻለሁ።